አንድ ርቀት፣ ሦስት ጉዞ፦ የትናንሽ አውሮፕላን ማረፊያዎች ዕጣ በምን ሚዛን ይወሰን?

በስቶክሆልም ካለው የብሮማ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ጎትላንድ ደሴት ቪስቢ ድረስ በአየር 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በስዊድን ሰሜናዊ ጫፍ ከፓያላ እስከ ሉሌኦ 195 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአማራ ክልል ከጎንደር እስከ ላሊበላ ደግሞ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሦስቱንም መስመሮች በካርታ ላይ በማስመሪያ ብንለካቸው አንዱን ከሌላው ለመለየት እንቸገራለን። በፕሮፔለር አውሮፕላን የሚፈጁት የበረራ ጊዜም ተቀራራቢ ነው፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ አርባ አምስት ደቂቃ ባለው ውስጥ ይወድቃል። ይሁን እንጂ በሦስቱ መስመሮች ላይ የሚጓዘው ሰው ሕይወት ፈጽሞ አይመሳሰልም። የአንዱ አማራጭ መርከብ ነው፤ የሁለተኛው አማራጭ የሦስት ሰዓት የክረምት መንገድ ነው፤ የሦስተኛው አማራጭ ደግሞ ጸጥታው ያልተረጋገጠ የአንድ ሙሉ ቀን የተራራ ጉዞ ነው።

በስዊድን ስለ ትናንሽ አውሮፕላን ማረፊያዎች የሚካሄደው ክርክር በአብዛኛው በሁለት ቁጥሮች ዙሪያ ይሽከረከራል፤ እነርሱም ርቀትና የበረራ ጊዜ ናቸው። «ይህን ያህል አጭር በረራ ለምን ያስፈልጋል?» የሚለው ወገን ርቀቱን ያነሣል። «በአርባ ደቂቃ ዋና ከተማ እንደርሳለን» የሚለው ወገን ደግሞ ጊዜውን ይጠቅሳል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ሁለቱም ቁጥሮች ብቻቸውን ለውሳኔ የማይበቁ መሆናቸው ነው። መንግሥት ገንዘብ ሲመድብም ሆነ ሲነፍግ ሊመለከተው የሚገባው መለኪያ አንድ ነው፦ ያ በረራ ባይኖር ተጓዡ ከቤቱ ደጃፍ እስከ ጉዳዩ ደጃፍ ምን ያህል ተጨማሪ ሰዓት ያጣል?

ይህ አነጋገር ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን ስለ መንገድ ሲነጋገሩ «የአንድ ቀን መንገድ»፣ «የሦስት ቀን መንገድ» ይሉ ነበር እንጂ ርቀትን ከጊዜና ከድካም ነጥለው አያውቁትም። ወንዙ የሞላ እንደ ሆነ፣ ዳገቱ የበዛ እንደ ሆነ፣ ያው መንገድ ሌላ ርቀት ይሆናል። ከዚያ በኋላ የመጣው የኪሎ ሜትር ስሌት ትክክለኛነትን ሰጥቶናል፤ ነገር ግን የተጓዡን ሰው ከሒሳቡ አውጥቶታል።

የበረራ ደቂቃ የሚደብቀው

አንድ አውሮፕላን በሁለት ማረፊያዎች መካከል የሚፈጀው ጊዜ ከሁለት ክፍሎች የተሠራ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ከርቀቱ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ይህም በአየር ላይ በሙሉ ፍጥነት የሚሄድበት ጊዜ ነው። ሁለተኛው ክፍል ግን ርቀቱ ቢያጥርም ቢረዝምም ብዙ አይለወጥም፦ ከመንገደኛ መሳፈሪያው እስከ ማኮብኮቢያው መንዳት፣ መነሣት፣ ከፍታ መያዝ፣ መውረድ፣ ለማረፍ መስመር መያዝ፣ መቆም። በትናንሽ ማረፊያዎች ይህ ቋሚ ክፍል አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይሆናል።

በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር የሚበርን አውሮፕላን ብንወስድ የ190 ኪሎ ሜትር መንገድ በአየር ላይ 23 ደቂቃ ይፈጃል። ቋሚው ክፍል ሲደመርበት ወደ አርባ ደቂቃ ይጠጋል። ርቀቱ ወደ 36 ኪሎ ሜትር ቢወርድ የአየር ላይ ጊዜው ከአምስት ደቂቃ በታች ይሆናል፤ ጠቅላላው ጊዜ ግን ከሃያ ደቂቃ ብዙም አያንስም። ርቀቱ አምስት እጥፍ ሲያጥር ጊዜው በግማሽ ያህል ብቻ ይቀንሳል ማለት ነው። ነዳጁም እንዲሁ ነው፤ አውሮፕላን በኪሎ ሜትር ብዙ ነዳጅ የሚያቃጥለው ሲነሣና ከፍታ ሲይዝ ስለ ሆነ፣ በረራው ባጠረ ቁጥር በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የሚከፈለው ዋጋ ይጨምራል።

በዚህ ላይ በበረራ ሰሌዳ የማይጻፈው ጊዜ አለ። ወደ ማረፊያው መሄድ፣ ቀድሞ መገኘት፣ ፍተሻ፣ ሻንጣ መጠበቅ፣ ከማረፊያው ወደ ከተማ መግባት፤ ይህ ሁሉ በአጭር በረራ ላይ ከበረራው ራሱ ይበልጣል። ብሮማ ከስቶክሆልም መሃል ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። አርላንዳ ግን አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ነው፤ ፈጣኑ ባቡር ሃያ ደቂቃ ያህል ቢፈጅም ቲኬቱ ውድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ማብቂያና በ2025 መጀመሪያ አብዛኛው መደበኛ የአገር ውስጥ በረራ ከብሮማ ወደ አርላንዳ ሲዛወር፣ የብዙ አውራጃ ከተሞች የበረራ ርቀት በካርታ ላይ ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች በላይ አልተለወጠም። የበረራ ደቂቃውም ከሞላ ጎደል ያው ነው። የተለወጠው ከደጃፍ እስከ ደጃፍ ያለው ሰዓት ነው፤ ይህን ለውጥ ደግሞ የትኛውም የበረራ ሰሌዳ አያሳይም።

ሦስቱ መስመሮች ሲመዘኑ

ቪስቢ። ጎትላንድ ከ60 ሺህ በላይ ነዋሪ ያላት ደሴት ናት። ድልድይ የላትም፤ ባቡርም ሊደርስባት አይችልም። ከቪስቢ እስከ ኒነስሃምን ወደብ መርከቡ ከሦስት ሰዓት በላይ ይጓዛል፤ ከኒነስሃምን እስከ ስቶክሆልም መሃል ደግሞ በከተማ ባቡር አንድ ሰዓት ያህል ይጨመራል። ቀድሞ መገኘትን ስናክልበት የአንድ አቅጣጫ ጉዞ አምስት ሰዓት ገደማ ይሆናል። በአየር ግን፣ ማረፊያው ከቪስቢ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ስለሚርቅ፣ ከደጃፍ እስከ ደጃፍ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይበቃል። ልዩነቱ በአንድ አቅጣጫ ሁለት ሰዓት፣ በደርሶ መልስ አራት ሰዓት ያህል ነው። በዋናው ምድር ካለ ልዩ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ላለው ሰው ይህ ልዩነት በዚያው ቀን ወደ ቤት በመመለስና ለማደሪያ በመክፈል መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ፓያላ። በቶርኔ ሸለቆ፣ ከፊንላንድ ድንበር አጠገብ ያለችው ይህች አነስተኛ ከተማ የመንገደኛ ባቡር የላትም። ወደ ሉሌኦ የሚወስደው መንገድ በደህና ቀን ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በክረምት ግን በበረዶና በጨለማ ነው የሚሄዱት። በረራው መንግሥት በውል ከሚገዛቸው መስመሮች አንዱ ሲሆን፣ ዋና ጥቅሙ ሉሌኦ መድረስ ብቻ ሳይሆን ከዚያ ወደ ስቶክሆልም የሚቀጥለውን በረራ መያዝ ነው። ስለዚህ የዚህ መስመር ዋጋ የሚለካው በ195 ኪሎ ሜትሩ ሳይሆን በሉሌኦ ባለው ግንኙነት ነው። ፓያላ የሚነሣው አውሮፕላን ቀጣዩ በረራ ካመለጠ በኋላ ሉሌኦ የሚደርስ ከሆነ መስመሩ በወረቀት ላይ ይኖራል እንጂ አገልግሎት አይሰጥም።

ጎንደር–ላሊበላ። ይህን በኋላ በሰፊው እንመለስበታለን። ለጊዜው አንድ ነገር ብቻ እናንሣ፦ ቀጥታ በረራ በሌለበት ጊዜ ከጎንደር ላሊበላ በአየር ለመሄድ የሚፈልግ ሰው በአዲስ አበባ በኩል መዞር አለበት። ከጎንደር አዲስ አበባ 420 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ላሊበላ 335 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በድምሩ 755 ኪሎ ሜትር። ለ180 ኪሎ ሜትር ርቀት ከአራት እጥፍ በላይ ይበረራል።

ሠላሳ ስድስት ኪሎ ሜትር፦ የቶርስቢና የሃግፎርስ ጥያቄ

በምዕራብ ስዊድን፣ በቨርምላንድ አውራጃ፣ የቶርስቢና የሃግፎርስ አውሮፕላን ማረፊያዎች በአየር 36 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይራራቃሉ። ሁለቱም የየማዘጋጃ ቤታቸው ንብረት ናቸው። የሁለቱም መደበኛ በረራ በስዊድን የትራንስፖርት አስተዳደር፣ በትራፊክቬርኬት፣ በውል ሲገዛ የኖረ አንድ መስመር ነው፦ አውሮፕላኑ ከቶርስቢ ይነሣል፣ ሃግፎርስ ያርፋል፣ ከዚያ ወደ አርላንዳ ይቀጥላል። በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል የሚደረገው በረራ በስዊድን ካሉ መደበኛ በረራዎች እጅግ አጭር ከሚባሉት ነው።

ይህ አጭር በረራ በየጊዜው መሳለቂያ ሲሆን እንሰማለን። መሳለቁ ቀላል ነው፤ ነገሩን በትክክል መመርመር ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን መለየት ይጠይቃል።

የመጀመሪያው ጥያቄ የሰሜን ቨርምላንድ ነዋሪ ወደ ስቶክሆልም የሚወስድ በረራ ይገባዋልን የሚለው ነው። ቶርስቢ ወደ ካርልስታድ የሚወርድ የባቡር መስመር አላት፤ ነገር ግን ካርልስታድ ደርሶ ባቡር ቀይሮ ስቶክሆልም ለመግባት ከአራት ሰዓት ያላነሰ ይወስዳል። ሃግፎርስ የመንገደኛ ባቡር የላትም፤ በመኪና እስከ ስቶክሆልም ከአራት ሰዓት በላይ ነው። ሃግፎርስ በዓለም ገበያ የሚታወቀው የኡድሆልም ብረት የሚመረትባት ከተማ ናት፤ ደንበኞችና ባለሙያዎች ይመላለሱባታል። በአየር ከደጃፍ እስከ ደጃፍ ሁለት ሰዓት ተኩል ከበቃ፣ በቀን ደርሶ መልስ ማድረግ የሚቻለው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሳችን አዎ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ አንድ መስመር በሁለት ማረፊያዎች ላይ መቆም አለበትን? በመኪና ከቶርስቢ ሃግፎርስ ከአንድ ሰዓት በታች ነው። በአየር ሃያ ደቂቃ ያህል ይበረራል፤ በሃግፎርስ ደግሞ መንገደኛ እስኪሳፈር አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ይቆማል። የቶርስቢ መንገደኛ ከዚህ የሚያተርፈው ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። የሚወጣው ወጪ ግን የሃያ ደቂቃ አይደለም፦ ሁለተኛ ማኮብኮቢያ ከበረዶ ማጽዳት፣ ሁለተኛ የእሳት አደጋ ቡድን፣ ሁለተኛ የፍተሻ መሣሪያና ሠራተኛ፣ በየቀኑ አንድ ተጨማሪ መነሣትና ማረፍ።

ለዚህ ጥያቄ «አንዱን ዝጉ» ብለን ከስቶክሆልም ሆነን መልስ አንሰጥም። በእኛ እምነት ተገቢው አካሄድ ከሁለቱ ማዘጋጃ ቤቶች ጋር ሦስት አማራጮችን በግልጽ ቁጥር ማነጻጸር ነው፦ ያለው አሠራር፣ አንድ ማረፊያ ከበረራው ሰዓት ጋር የተያያዘ የአውቶቡስ ወይም የጋራ ታክሲ አገልግሎት ጨምሮ፣ እና ወደ ካርልስታድ የተሻሻለ ባቡር። በአጠገብ ያለውን የኖርዌይን አማራጭም መዘንጋት አይገባም፤ ለውጭ አገር ጉዞ ከቶርስቢ ወደ ኦስሎ ጋርደርሙን የሚወስደው መንገድ ወደ አርላንዳ ከሚወስደው እጅግ ያጥራል። በብሔራዊ ድንበር ውስጥ ብቻ የሚታሰብ የትራንስፖርት ዕቅድ ይህን አያይም።

ሕጉ ምን ይፈቅዳል፣ ምን ያስገድዳል

የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1008/2008 በአንቀጽ 16 ላይ አባል አገሮች ገበያው በራሱ በማያገለግላቸው መስመሮች ላይ የሕዝብ አገልግሎት ግዴታ እንዲጥሉና በጨረታ አገልግሎት እንዲገዙ ይፈቅዳል። መስመሩ ለሩቅ ወይም ለታዳጊ አካባቢ የሚያገለግል፣ አለዚያም መንገደኛ የሳሳበት ሆኖ ለአካባቢው ኢኮኖሚያዊና ማኅበራዊ ልማት ወሳኝ የሆነ መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ ልብ ልንለው የሚገባው ደንቡ ሌላ የትራንስፖርት አማራጭ መኖሩን እንዲመረመር ማዘዙ ነው፤ በተለይም ከሦስት ሰዓት በታች የሚወስድና በቂ ምልልስ ያለው ባቡር መኖር አለመኖሩን። የውሉ ዘመን በአብዛኛው ከአራት ዓመት አይበልጥም፤ ስለዚህ ጥያቄው በየጊዜው ተመልሶ ይመጣል።

ሦስት ሰዓት የሚለው መለኪያ ፍጹም ባይሆንም መነሻው ትክክል ነው፤ ስለ ኪሎ ሜትር ሳይሆን ስለ አማራጩ ጊዜ ይጠይቃልና። ፈረንሳይም በ2021 ባወጣችውና በግንቦት 2023 በአዋጅ ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ተመሳሳይ መንገድ ተከትላለች፦ ከሁለት ሰዓት ተኩል በታች የሚወስድ ባቡር ባለበት የአገር ውስጥ በረራ ይከለከላል። ከፓሪስ ኦርሊ ወደ ቦርዶ፣ ወደ ናንትና ወደ ሊዮን የነበሩት በረራዎች በዚህ ተዘግተዋል። ሕጉ የነካቸው መስመሮች ጥቂት ናቸው ተብሎ ይተቻል፤ ትችቱ እውነት ነው። ነገር ግን ርቀትን ሳይሆን ያለውን አማራጭ መለካቱ ለእኛ ትምህርት ነው።

ስዊድን በዚህ ረገድ ወጥ አቋም አልያዘችም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 የተጣለው የአቪዬሽን ግብር ባቡር ያለውንና የሌለውን መስመር አልለየም፤ የጎትላንድ ነዋሪና ከስቶክሆልም ወደ ዮተቦርግ የሚበር ነጋዴ እኩል ከፈሉ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ግብሩ ሲነሣም እንዲሁ ያለ ልዩነት ተነሣ፤ በሦስት ሰዓት ገደማ በባቡር ለሚደረሰው ለዮተቦርግ በረራ የተሰጠው እፎይታ ለቪስቢ ከተሰጠው አላነሰም። በሁለቱም ጊዜ የተሳሳተው የግብሩ መጠን አልነበረም፤ የተሳሳተው መለኪያው ነበር።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከአየር ንብረት ወገን የሚመጣ ነው፦ በድጎማ የሚበር አውሮፕላን ሊኖር አይገባም ይላል። ይህን ተቃውሞ በአክብሮት እንቀበለዋለን፤ ከእኛ መካከል ብዙዎች የሚታገሉለት ጉዳይ ነው። ሆኖም በውል የሚገዙት መስመሮች ትናንሽ የፕሮፔለር አውሮፕላኖች ጥቂት መንገደኞችን የሚያጓጉዙባቸው ናቸው። ከአገሪቱ የአቪዬሽን ልቀት ውስጥ ትልቁ ድርሻ ያለው በረጃጅም የውጭ በረራዎች ላይ ነው። የልቀት ቅነሳን ሸክም መጀመሪያ አማራጭ በሌለው ሰው ላይ መጫን ፍትሕም ስልትም አይደለም፤ የሕዝብ ድጋፍንም ያሳጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ በተቃራኒው ይመጣል፦ ትናንሽ ማረፊያዎች ለአምቡላንስ፣ ለእሳት አደጋና ለአገር መከላከያ ስለሚያስፈልጉ ስለ መንገደኛ ቁጥር መጠየቅ የለበትም ይላል። እውነት አለው። በ2018 የበጋ የደን ቃጠሎ ጊዜ ከጣሊያንና ከፈረንሳይ ውኃ የሚረጩ አውሮፕላኖች መጥተው ረድተዋል፤ ለእነዚህ ማረፊያ ያስፈልጋል። ስዊድን በመጋቢት 2024 ኔቶን ከተቀላቀለች ወዲህም ዝግጁነት ተጨማሪ ክብደት አግኝቷል። ነገር ግን የዝግጁነት ወጪ በዝግጁነት ስም ይመዝገብ። ማኮብኮቢያ ክፍት ሆኖ መቆየቱና በየቀኑ መንገደኛ ጭኖ መነሣቱ ሁለት የተለያዩ አገልግሎቶች ናቸው። አንዱ በሌላው ስም ሲከፈል ማንም ዋጋውን አያውቀውም። ወጪን መቀነስም ይቻላል፤ በ2015 የኤርንሸልድስቪክ ማረፊያ የበረራ ቁጥጥር ከሱንድስቫል ሆኖ በካሜራ መመራት ሲጀምር በዓለም የመጀመሪያው ነበር።

ሦስተኛው «የኤሌክትሪክ አውሮፕላን እስኪመጣ እንጠብቅ» የሚለው ነው። በስዊድን የተመሠረተው ኸርት ኤሮስፔስ ኩባንያ ያቀደው ባለ 30 መቀመጫ አውሮፕላን በባትሪ ብቻ 200 ኪሎ ሜትር እንዲበር የታሰበ ነው። ቪስቢም ፓያላም ጎንደር–ላሊበላም በዚህ ክልል ውስጥ ይወድቃሉ፤ ተስፋው ከንቱ አይደለም። ቢሆንም አውሮፕላኑ ገና ለንግድ በረራ አልደረሰም። ዛሬ የሚፈረም ውል ዛሬ ባለው አውሮፕላን መመዘን አለበት፤ ማረፊያዎቹ ለኃይል መሙያ የሚሆን የኤሌክትሪክ አቅም ማዘጋጀታቸው ግን ከአሁኑ የሚጀመር ሥራ ነው።

ከጎንደር እስከ ላሊበላ

ይህ ጽሑፍ በስቶክሆልም ተጽፎ በአማርኛ የሚወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። አንባቢዎቻችን የሁለት አገር ጉዳይ ይዘው የሚኖሩ ናቸው፤ በሪክስዳግ የሚያማክሯቸው እንደራሴዎችም ስለ ስዊድን የአገር ውስጥ ፖሊሲና ስለ ልማት ትብብር በአንድ ሳምንት ይወስናሉ።

በአቪዬሽን ረገድ ሁለቱ አገሮች የቆየ ትውውቅ አላቸው። ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በጣሊያን ወረራ ጊዜ በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን አብርረዋል። ከጦርነቱ በኋላ በቢሾፍቱ የኢትዮጵያን አየር ኃይል ካሠለጠኑት ስዊድናውያን ዋነኛው ነበሩ። በግንቦት 1947 በአንዲት ሳፊር አውሮፕላን ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ድረስ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሳያርፉ በ31 ሰዓት ገደማ በርረዋል። በ1974 በረሃቡ ጊዜ ከትናንሽ አውሮፕላኖች እህል መንገድ በማይደርስባቸው ቦታዎች እንዲጣል አደረጉ፤ በ1977 በጎዴ ሕይወታቸው አለፈ። ያ የእህል ሥራ የቆመበት ሐሳብ ይህ ጽሑፍ የሚከራከርለት ነው፦ የመንገዱ ርቀት ሳይሆን የመንገዱ አለመኖር ነው የሚለካው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀድሞው ጊዜ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን በአንድ ሰንሰለት የሚያያይዝ መስመር ነበረው፤ ጎብኚዎች «ታሪካዊው መስመር» ብለው ያውቁታል። አውታሩ አዲስ አበባን እምብርት እያደረገ ሲሄድ፣ ጎረቤት ከተሞችን እርስ በርስ የሚያገናኙ አጫጭር በረራዎች ቦታቸውን ለቀቁ። ለአየር መንገዱ ይህ ምክንያታዊ ውሳኔ ነው፤ መንገደኛን በአንድ ማዕከል መሰብሰብ አውሮፕላኑን ይሞላል። ለክልሉ ነዋሪ ግን ከላይ ያሰላነው 755 ኪሎ ሜትር ዕዳ ሆኖ ይቀራል።

የመሬቱ አማራጭ ከጎንደር በአዲስ ዘመን፣ በወረታ፣ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ላሊበላ የሚገባው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። የአየሩ መስመር ቀጥ ብሎ ሲሄድ መንገዱ የጣናን ዳርቻ ተከትሎ ይወርዳል፣ የጋይንትን ዳገት ይወጣል፣ ከጋሸና ወደ ሰሜን ይታጠፋል። በሰላም ጊዜም የአንድ ቀን መንገድ ነው። ከ2023 ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ግን የመንገዱ ርዝመት በሰዓት እንኳ የሚለካ አልሆነም፤ መድረስ አለመድረስ ራሱ ጥያቄ ሆኗል። በነሐሴ 2023 ወደ ክልሉ ከተሞች የሚደረገው በረራም ለጊዜው ተቋርጦ ነበር። በረራ ሲቆም በቪስቢ መርከብ አለ፤ በፓያላ መኪና አለ፤ በላሊበላ ግን ታማሚም ነጋዴም ተማሪም ካለበት አይነሣም።

በኢትዮጵያ የአውሮፕላን ማረፊያ ግንባታ እንደ ልማት ምልክት ይቆጠራል፤ ብዙ ከተሞችም ይጠይቁታል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም «ማረፊያ አለን» ማለትና «መድረስ እንችላለን» ማለት አንድ አይደሉም። በየትኛው መስመር ላይ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ በምን ዋጋ፣ ለማን ጥቅም በረራ እንደሚኖር የሚወስን ግልጽ የሕዝብ አገልግሎት መለኪያ ካልተበጀ፣ አዲሱ ማረፊያ ሌላ ወደ አዲስ አበባ የሚወስድ ጨረር ብቻ ይሆናል። የስዊድን ልምድ፣ ከነስህተቱ፣ ሊያስተምር የሚችለው እዚህ ላይ ነው፦ መስመርን በጨረታ መግዛት፣ ውሉን በዘመን መገደብ፣ መለኪያውን በአደባባይ ማሳወቅ።

ምክረ ሐሳብ

ለሪክስዳግ የትራፊክ ኮሚቴ አባላትና አማካሪዎቻቸው፣ እንዲሁም በጉዳዩ ለሚሠሩ ማኅበራት የሚከተሉትን አምስት ነጥቦች እናቀርባለን።

1. መለኪያው ይለወጥ። በውል ለሚገዛ ለእያንዳንዱ መስመር ከደጃፍ እስከ ደጃፍ የሚድን ሰዓትና ለዚያ የሚከፈለው የመንግሥት ገንዘብ በየዓመቱ ይታተም። ርቀትና የበረራ ደቂቃ ተጨማሪ መረጃ ይሁኑ እንጂ የውሳኔ መሠረት አይሁኑ።

2. የሦስት ሰዓቱ ፈተና በሁሉም የአገር ውስጥ መስመር ላይ ይሠራ። በአቪዬሽን ላይ የሚጣል ማናቸውም ግብር ወይም የሚሰጥ እፎይታ ምክንያታዊ ባቡር ያለውንና የሌለውን መስመር ይለይ።

3. የበረራ ሰዓት ለታማሚና ለተማሪ ይታሰብ። በኦስተርሹንድና በኡሜኦ መካከል መንግሥት የሚገዛው በረራ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በመኪና ከአራት ሰዓት በላይ የሚወስደውን ጉዞ ያሳጥራል፤ በኡሜኦም የሰሜኑ ክልል የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይገኛል። ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ የማያስችል የበረራ ሰሌዳ የውሉን ዓላማ ያጎድላል።

4. የዝግጁነት ወጪና የመንገደኛ ድጎማ በሁለት መዝገብ ይያዙ። ተቀራራቢ ማረፊያዎች ባሉበት፣ እንደ ቶርስቢና ሃግፎርስ፣ አማራጮቹ ከነዋሪዎች ጋር በግልጽ ይነጻጸሩ፤ ከማረፊያ ወደ ማረፊያ የሚያደርስ የየብስ ግንኙነትም በውሉ ውስጥ ይካተት።

5. ስዊድን ከኢትዮጵያ ጋር ባላት ትብብር ውስጥ የአገር ውስጥ አቪዬሽን የሕዝብ አገልግሎት መለኪያ እንደ አንድ የቴክኒክ ድጋፍ ርዕስ ይያዝ። ዋጋው ከማኮብኮቢያ ግንባታ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ፍሬው ግን ቀድሞ የተሠሩትን ማኮብኮቢያዎች ሥራ ላይ ያውላል።

ትናንሽ አውሮፕላን ማረፊያዎችን በጅምላ መከላከልም ሆነ በጅምላ ማውገዝ ቀላል ነው። ከባዱ ሥራ በየመስመሩ ቁጭ ብሎ ማስላት ነው፤ ለዚህም የሚያስፈልገው መረጃ በአብዛኛው በትራፊክቬርኬት፣ በስቬዳቪያና በማዘጋጃ ቤቶች እጅ አለ። የጎደለው በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ተሰብስቦ ለሕዝብ መታየቱ ነው። የሚቀጥለው የውል ዘመን ጨረታ ከመውጣቱ በፊት ይህ ሰንጠረዥ በኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ እንዲገኝ እንደራሴዎን ይጠይቁ። ጥያቄውም ይህ ይሁን፦ ይህ በረራ ቢቀር ማን፣ ስንት ሰዓት፣ በምን መንገድ ይጓዛል?